አምቡላንስ ላይ «ያለ ፈቃድ» ስለሚደረግ ሙከራ ለጠየቅሽው

ሰላም እህታችን። ጥያቄሽን አየሁት። ልቡ በድንገት የቆመ ሰው ላይ አምቡላንሶች አዲስ ሕክምና ሊሞክሩ ነው፣ ፈቃድም አይጠይቁም የሚል ማስታወቂያ አንብበሽ ደንግጠሻል። አባትሽ የልብ ሕመም ስላለባቸው «ይሄ ሕጋዊ ነው ወይ? እምቢ ማለትስ ይቻላል?» ብለሻል።

ሕጋዊ ነው። እምቢ ማለትም ይቻላል። ዝርዝሩን እዚሁ ሲያትል በልብ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ሆኜ ካየሁት ልንገርሽ።

ፈቃድ የማይጠየቀው ተንቀን አይደለም። ልቡ የቆመ ሰው ራሱን ስቷል። ሚስቱ ወይ ልጁ አጠገቡ ቢኖሩም እየጮኹ ነው፤ በዚያ ሰዓት ይሄን ሁሉ ገጽ አንብባችሁ ፈርሙ ማለት ቀልድ ነው፣ ምክንያቱም ደም ያጣ አንጎል በደቂቃዎች ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ለዚህ ነው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1996 ልዩ ደንብ ያወጣው። ግን በሩን ወለል አድርጎ አልከፈተም። ሕመሙ ለሞት የሚያሰጋ መሆን አለበት። ያለው ሕክምና ወይ አጥጋቢ ያልሆነ ወይ ያልተረጋገጠ መሆን አለበት። አዲሱም ለዚያው ለታማሚው ይጠቅማል የሚያስብል ቀደም ያለ ማስረጃ ያስፈልገዋል። የሥነ ምግባር ቦርድ ሳያጸድቀው፣ የአካባቢው ሕዝብ ሳይመከርበትና በይፋ ሳይነገር አይጀመርም። አንቺ ያየሽው ማስታወቂያ የዚህ ግዴታ አካል ነው። የሚያስፈራው ባይለጠፍ ነበር።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ይሄ ነው፦ አዲሱ ያልታወቀ፣ የድሮው ግን የተረጋገጠ ይመስለናል። አድሬናሊንን ውሰጂ። ልብ ሲቆም በደም ሥር የሚሰጠው እሱ ነው፣ ያውም ከ1960ዎቹ ጀምሮ። በትክክል የተፈተነው መቼ መሰለሽ? እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ወደ 8,000 ሰው ላይ ተሞክሮ ውጤቱ የወጣው በ2018 ነው። በዕጣ ግማሹ አድሬናሊን ተሰጠው፣ ግማሹ መድኃኒት የሌለበት የጨው ውሃ። ማን ምን እንዳገኘ ፓራሜዲኩም (የአምቡላንሱ የሕክምና ባለሙያ) አያውቅም። ከ30 ቀን በኋላ በሕይወት የነበረው ከአድሬናሊኑ ወገን 3.2 በመቶ፣ ከሌላው 2.4 በመቶ። ጠቀመ ማለት ነው። ግን ከሞት ከተረፉት መካከል አንጎላቸው ክፉኛ ተጎድቶ የወጡት በአድሬናሊኑ ወገን 31 በመቶ ነበሩ፣ በጨው ውሃው 17.8 በመቶ። ይሄን ሳናውቅ ነው ያን ሁሉ ዘመን ስንወጋ የኖርነው።

ሲያትል ያለችበት የእኛው ኪንግ ካውንቲም የራሱ ታሪክ አለው። ልቡ የተነሳለትን ሰው ሰውነት ማቀዝቀዝ አንጎልን ያድናል ተብሎ፣ ፓራሜዲኮች ገና መንገድ ላይ እያሉ እስከ ሁለት ሊትር ቀዝቃዛ የጨው ውሃ በደም ሥር ይሰጡ ጀመር። ይሄም በሙከራ ተፈትኖ በ2013 ውጤቱ ሲታይ፣ ማቀዝቀዙ ተጨማሪ ያተረፈው ሰው የለም። እንዲያውም ሆስፒታል ሳይደርስ ልቡ እንደገና የቆመበት በዛ፣ ሳንባው ውሃ የያዘውም በዛ። ሙከራው ባይኖር ኖሮ ጥሩ ሠራን እያልን እንቀጥል ነበር።

ስለ እምቢታው። በብዙዎቹ ሙከራዎች ለማይፈልግ ሰው በነፃ የሚሰጥ የእጅ አምባር አለ፣ ጥናቱን አልፈልግም የሚል። ደውሎ መጠየቅ ነው። አንድ የማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡ እናት እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ይሄን ካሰርኩ አምቡላንሱ ጥሎኝ ይሄዳል?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም ግማሹ ሰው በሆዱ የያዘው ጥያቄ ነው። መልሱ፦ አይሄድም። ደረት መጫኑም፣ ኤሌክትሪኩም፣ የተለመደው መድኃኒትም እንዳለ ነው፤ የሚቀረው ጥናቱ ብቻ። ልቤ ቢቆም አታስነሱኝ የሚል ሰው የሚሞላው ቅጽ ሌላ ነው፣ እዚህ ዋሽንግተን ፖልስት ይሉታል፣ ሐኪምም ይፈርምበታል። ሁለቱን እንዳታምታቺ። በዚያው ስብሰባ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ጎረቤታችን ደግሞ ተነስቶ ተስኪጊን አነሳ፤ ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁሮች ሳይነግሯቸውና ሳያክሙ ያጠኑበትን። ጥርጣሬው ከየት እንደመጣ የማይገባው ሰው እዚህ አገር አልኖረም።

አባትሽ አይበለውና ጥናቱ ውስጥ ቢገቡ፣ ጊዜ እንደተገኘ ለእሳቸው ወይም ለእናንተ መንገር ግዴታቸው ነው። ሲነግሩ አይቻለሁ። የጥናቱ ነርስ ወረቀት ይዛ ትመጣለች፤ ቤተሰቡ ገና ማሽኑን እያየ ነው፣ ምንም አይሰማም። ስለዚህ ነገ ተመለሺ በሏት፣ መብታችሁ ነው። ከዚያ ወዲያ ይቅርብን ማለትም ትችላላችሁ።

እኔን ብትጠይቂኝ ለእናቴ አምባሩን አላስርም። ግን በጭፍን አይደለም፣ በየጥናቱ ነው። ደውለሽ ጠይቂ፦ ከምን ጋር ነው የሚያወዳድሩት? ዕጣው ወደ ሌላኛው ወገን የጣለው ሰው ምን ይቀርበታል? ጉዳት ከታየ ማን ያስቆመዋል? ለዚህ የሚቀመጥ ነፃ ቡድን አለ፣ ውጤቱን በየመሃሉ ያያል። ጥርት ያለ መልስ ካጣሽ አባትሽን አማክሪና አምባሩን እዘዢ። ውሳኔው የእሳቸው ነው፣ አእምሯቸው ሙሉ እስከሆነ ድረስ አንቺ አትወስኚላቸውም።

ሌላው፣ ቤት ውስጥ ሲፒአር (ልቡ የቆመን ሰው ደረት እየተጫኑ መርዳት) የሚችል አለ? ከሌለ ከአምባሩ በፊት እሱን ያዢው። አምቡላንሱ እስኪደርስ ደረት የሚጫነው ቤት ያለው ሰው ነው። 911 ስትደውሉ «አምሃሪክ» በሉ፣ አስተርጓሚ በስልክ ያስገባሉ፤ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጉትና እጃችሁን የት እንደምታደርጉ እየነገሩ ያስጭኗችኋል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ስትደውዪም አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ክፍያ የለውም።