ኤምኤስ እያለብኝ ልውለድ ወይ ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሳነበው የራሴን ታሪክ ሰው የጻፈው መሰለኝ። እኔም ኤምኤስ አለብኝ፤ የሰውነት መከላከያ የራሱን የነርቭ ልባስ የሚያጠቃበት በሽታ። የወር አበባሽ ሊመጣ ሲል እግርሽ ይከብዳል፣ ዓይንሽ ይደበዝዛል። ሐኪሙ «ሆርሞን ነው» ብሎ ሸኘሽ። ልጅ ትፈልጊያለሽ፣ እርግዝናው ደግሞ በሽታውን ያባብሰዋል ብለሽ ትፈሪያለሽ። እኔም እዚሁ አዳማ ሆኜ በዚህ ነገር ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። አሁን ልጄ ግቢውን ሙሉ ትሮጣለች። እኔን ያንገላታኝ አንቺን እንዳያገኝሽ የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ከወር አበባ በፊት የሚመጣብሽ ነገር እውነት ነው፤ ማንም «ሐሳብ ስለምታበዢ ነው» አይበልሽ። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ይጨምራል፣ የሰውነት ሙቀትም ትንሽ ከፍ ይላል። ኤምኤስ የነካው ነርቭ ልባሱ እንደተላጠ ሽቦ ነው፤ ጥቂት ሙቀት ሲጨመርበት መልእክት ማስተላለፉ ይደክማል። ኡትሆፍ የሚባል ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ይህን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። በዚያ ላይ የአዳማን ሙቀት ጨምሪበት! ቀዝቀዝ ስትይ ወይም አበባሽ ሲመጣ ከለቀቀሽ በሽታው እንደገና ተነሳ ማለት አይደለም። አዲስ ነገር ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየብሽ ግን ሐኪም ጋ ሂጂ። በሽታው ሲነሳ የሚያበርደውን ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ከመጀመራቸው በፊት «ሽንቴን መርምሩልኝ» በይ። የሽንት ኢንፌክሽን ልክ እንደ ኤምኤስ ሆኖ ያታልላል።

2. እርግዝናውን አትፍሪ። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት አለ፤ በ12 የአውሮፓ አገሮች 254 እርጉዞችን ተከታትሏል። ከማርገዛቸው በፊት በነበረው ዓመት በሽታው በአማካይ 0.7 ጊዜ ይነሳባቸው ነበር። በእርግዝናው የመጨረሻ ሦስት ወር በዓመት ሲሰላ ወደ 0.2 ወረደ። ፅንሱ ግማሹ የአባቱ ስለሆነ፣ እንዳያጠቃው የእናትየው የሰውነት መከላከያ ይለዝባል። ኤስትሪዮል የሚባለው ከእንግዴ ልጅ የሚመነጨው ሆርሞንም በዚህ ድርሻ እንዳለው ይታመናል። እኔ በመጨረሻዎቹ ወራት እንደዚያ ደህና ሆኜ አላውቅም። ጎረቤቱ «ዳነች» አለ። እናቴ ለገብርኤል ስለቷን አስገባች።

ግን የዚያ ጥናት ሦስተኛ ቁጥር አለ፣ ማንም ያልነገረኝ። ከወሊድ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ቁጥሩ ወደ 1.2 ይወጣል። የእንግዴ ልጁ ሲወጣ ሆርሞኖቹ በጥቂት ቀናት ቁልቁል ይወርዳሉ፤ መከላከያው ይነቃል።

3. ሦስተኛው ምክሬ ስለነዚህ ወራት ነው፤ እኔ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ። የአራስ ቤቱን ታውቂዋለሽ። መስኮት ይዘጋል፣ ሹራብ፣ ጋቢ፣ ትኩስ ገንፎ፣ ትኩስ አጥሚት። ሁሉም በፍቅር ነው፣ እናቴን እግዜር ይስጥልኝ። ለእኔ ነርቭ ግን ሙቀቱ መከራ ነበር። መድከሜን ሁሉ በሙቀቱ አመካኘነው። የልጄ የሰማንያ ቀን ክርስትና ሲቃረብ ግራ እጄ ደነዘዘ። የያዝኩት ብርጭቆ ከእጄ ወደቀ። መስኮት ከፍተን፣ በቀዝቃዛ ፎጣ ተጠቅልዬ አደርኩ፣ ግን አልለቀቀኝም።

ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ልጄን ታቅፌ ስጠብቅ ዋልኩ። ሐኪሙ ቀና ብሎም አላየኝም፤ «አራስ ሁሉ ይደክማታል፣ ምግብ ብዪ» አለኝ። ኤምኤስ እንዳለብኝ ነገርኩት። ካርዱ ላይ ተጽፏል፣ ገልጦ አላየውም። ቫይታሚን ጻፈልኝ። የሪፈር ወረቀት ስጠይቅ «ለድካም ሪፈር አይጻፍም» አለ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል። አዲስ አበባ የነርቭ ሐኪም ዘንድ እስክደርስ ድንዛዜው እስከ ትከሻዬ ወጥቶ ነበር። እዚያ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ በደም ሥር ሰጡኝ። እጄ ተመለሰ፣ ትንሿ ጣቴ ግን እስካሁን እንደ ድሮው አይደለችም። ያንን ሐኪም ሁለተኛ ባገኘው «ካርዴን ክፈት» ነው የምለው።

ስለዚህ ቀጠሮሽን ከመውለድሽ በፊት ያዢ። ከወለድሽ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት የነርቭ ሐኪም እንዲያይሽ ይሁን። ልጁን ማን እንደሚይዝልሽ፣ ታክሲ ወይም መኪና ከየት እንደሚመጣ አሁኑኑ ተነጋገሩ። መድኃኒት መቼ እንደምትጀምሪም ጠይቂ። ጡት ብቻ የሚያጠቡ እናቶች ላይ በሽታው የሚነሳው አነስ ባለ መጠን ነው፤ ስለዚህ ማጥባቱን ግፊበት። ስቴሮይድ ከወሰድሽ በኋላ ግን ለማጥባት ስንት ሰዓት መጠበቅ እንዳለብሽ ሐኪሙን ጠይቂ። የአራስ ቤቱን መስኮት ደግሞ ማንም ቢቆጣ ክፈቺው።

አሁን የምትወስጂውን መድኃኒት ስም አልጻፍሽም፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ፊንጎሊሞድ ከሆነ ከማርገዝሽ ሁለት ወር በፊት መቆም አለበት። ግን በራስሽ እንዳታቆሚው፤ ድንገት ሲቆም በሽታው በርትቶ የሚመለስባቸው አሉ። ቴሪፍሉኖማይድ ከሆነ ካቆምሽው በኋላም እስከ ሁለት ዓመት ደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ቶሎ የሚያጥብ መድኃኒት ስላለ እሱን ጠይቂ። ኢንተርፌሮን ወይም ግላቲራመር ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው።

ባለቤትሽ «ስንወልድ ይብስባታል» እያለ ከሆነ ይህን አንብቢለት። ያው ጥናት ከወሊድ በኋላ ሁለት ዓመት ድረስ ተከታትሎ፣ እርግዝናው የአካል ጉዳቱን እንዳላፋጠነው ነው ያየው።

እስክትወስኚ ድረስ የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ልቀጥል ወይ ላልሽው፣ እኔ ትቼዋለሁ። መርፌው በምትወስጂበት ጊዜ አጥንት ያሳሳል፤ ስቴሮይድም ያንኑ ያደርጋል፣ ብዙ አለመራመድም እንዲሁ። ሁሉም አንድ ሰው ላይ ሲደራረብ ከባድ ነው። ኤስትሮጅን ያለበት ኪኒን ደግሞ እግሯ ደክሞ ብዙ ለምትተኛ ሴት የደም መርጋት ስጋት አለው። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ስለ ሉፕ ወይም ክንድ ላይ ስለሚቀበረው ጠይቂ፣ ኤምኤስ እንዳለብሽም መጀመሪያ ንገሪያቸው።