ፓሪስ፣ ማድሪድ፣ ሮም፦ በነፃ የሚገባባቸው ሙዚየሞችና ቤተ መንግሥት

እህቴ፣ በአንድ ጉዞ ሦስቱን ከተሞች ማየት እንደምትፈልጊና ገንዘብሽ ትንሽ እንደሆነ ገልጸሽ፣ በነፃ የሚገባበት ሰዓት አለ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አለ፤ ግን አንዳንዱ ገንዘብሽን ቆጥቦ ቀንሽን ይበላብሻል። ሰዓቱንም ዓመተ ምሕረቱንም በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከሁሉም የሚሻለው የማድሪዱ የሥዕል ሙዚየም ፕራዶ ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከ18፡00 እስከ 20፡00፣ እሑድ ከ17፡00 እስከ 19፡00 በነፃ ይገባል። ሰልፉ ቀደም ብሎ ስለሚጀምር ከ45 ደቂቃ በፊት ድረሺ። ሁለት ሰዓት ለፕራዶ በጣም ትንሽ ነው፤ ሁሉን ለማየት የሚሮጥ ሰው ምንም ሳያይ ይወጣል። መጀመሪያ ክፍል 12 ሄደሽ የሠዓሊው ቬላስኬዝን «ላስ ሜኒናስ» (1656) እዪ፣ ከዚያ ታች ወርደሽ ክፍል 56ኤ ያለውን የሠዓሊው ቦሽን «የምድራዊ ደስታ ገነት»። ጊዜ ከተረፈሽ የሠዓሊው ጎያን «ጥቁር ሥዕሎች» የሚባሉትን ጨምሪ። ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው።

ፓሪስ ላይ ቀን መምረጥ ወሳኝ ነው። ትልቁ ሙዚየም ሉቭር ማክሰኞ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ቬርሳይ ሰኞ ይዘጋሉ። ሉቭር የተዘጋበት ሕዝብ ማክሰኞ ቬርሳይ ስለሚጎርፍ በዚያ ቀን አትሂጂ። ከ2026 ጀምሮ ሉቭር ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ጎብኚ 32 ዩሮ ሆኗል። ዕድሜሽ ከ26 በታች ሆኖ የአውሮፓ ኅብረት አገር መኖሪያ ፈቃድ ካለሽ ግን ሁለቱም በነፃ ናቸው፤ ዋናውን ካርድ ያዢ። ፈቃድ ከሌለሽ ቬርሳይ ላይ ቤተ መንግሥቱን ትተሽ ትልቁ ቦይ ያለበትን ፓርክ ብቻ ብታዪ አይቆጭሽም፤ እሱ ሁልጊዜ በነፃ ነው፣ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያለው የመስታወቱ አዳራሽ ግን ከሕዝቡ ብዛት ቆመሽ የምታዪበት አይደለም። ወደ ቬርሳይ የሚወስደው አርኢአር ሲ የሚባለው ባቡር ብዙ ቅርንጫፍ ስላለው ሰሌዳው ላይ «ቬርሳይ ሻቶ ሪቭ ጎሽ» መኖሩን ሳታረጋግጪ አትሳፈሪ። ፓሪስ ከተማ ውስጥ ፔቲ ፓሌና ካርናቫሌ የሚባሉት ሙዚየሞች ቋሚ ስብስባቸውን ያለ ክፍያ ያሳያሉ።

ሮም ላይ የቫቲካን ሙዚየሞች በወሩ የመጨረሻ እሑድ ከ9፡00 እስከ 14፡00 በነፃ ናቸው፤ መግቢያው 12፡30 ላይ ያበቃል። እኔ ይህን አልመክርም። ሲስቲን ጸሎት ቤት የሚገኘው ጉብኝቱ መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ በዚያ ግፊያ ደክመሽ ነው የምትደርሺው። አቅም ካለሽ አንዱን ክፍያ እዚህ አውጪው፣ በሥራ ቀን። የሙዚየሙ በር በቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ በኩል አይደለም፤ ግንቡን ተከትለሽ ወደ ሰሜን ትዞሪያለሽ። የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን (ባዚሊካው) ራሱ በነፃ ነው፤ ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት።

ለንደንንም ካሰብሽ፣ ለእነዚህ ሦስት ከተሞች የሚሆነው የሼንገን ቪዛ እዚያ አያስገባም። የእንግሊዝን ቪዛ ካገኘሽ ግን በ1868 ከመቅደላ የተዘረፈው የወርቅ አክሊልና ጽዋ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው ያለው፤ ቋሚ ስብስቡን ለማየት አይከፈልም። የትኛው ክፍል እንዳለ አስቀድመሽ ድረ ገጹ ላይ ፈልጊ። ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት ታቦታት ለእይታ አይቀርቡም፣ እነሱን ፍለጋ አትድከሚ።

ሻንጣ ይዘሽ አትሂጂ። ሉቭር ከ55 በ35 በ20 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ አያስገባም፤ ባቡር ጣቢያ አስቀምጠሽ ሂጂ።