መብራት ሲጠፋም የሚያወራ ሬዲዮ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

ለክፉ ቀን ቤት ውስጥ ስለሚቀመጥ ሬዲዮ ብዙ ጥያቄ ደርሶናል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ጎርፍ ቢመጣ፣ መሬት ቢንቀጠቀጥ ወይም መብራት ለቀናት ቢጠፋ ብዬ አንድ ሬዲዮ ልገዛ ነው። ሁለት ዓይነት አይቻለሁ። አንደኛው በእጅ የሚዞር መዘውር፣ ሶላር፣ የእጅ ባትሪ፣ የአደጋ ጩኸትና የስልክ መሙያ አለው። ሌላው በሁለት የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ተራ ሬዲዮ ነው። ሁሉን የያዘው አይሻልም?

መልስ፦ ተራውን ይግዙ። ባለመዘውሩ ካማረዎት ከተራው ጋር ደርበው ይያዙት እንጂ በተራው ፈንታ አይግዙት።

ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ መዘውር ሳይደክሙ ሲያዞሩት የሚያመነጨው ኃይል ቢበዛ ከ2 እስከ 3 ዋት ነው፤ ከዚያም ላይ ጥርሶቹ ሲፋተጉና ባትሪው ሲሞላ የሚባክን አለ። 1 ደቂቃ ሙሉ አዙረው፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው፣ 10 ደቂቃ ገደማ ቢያዳምጡ ነው። ለዜና ይበቃልና አይናቅም። ስልክ መሙላቱ ግን ሌላ ነገር ነው። 4000 ሚሊአምፔር ሰዓት የተጻፈበት የስልክ ባትሪ 15 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። በ2 ዋት ልሙላው ካሉ ከ7 ሰዓት በላይ ያለ ዕረፍት ማዞር ሊኖርብዎት ነው። ከክንድዎና ከፕላስቲኩ ጥርስ አንዱ ቀድሞ እጅ ይሰጣል። ሶላሩም ያው ነው፤ የእጅ መዳፍ እንኳ የማይሞላ ሰሌዳ በጠራ ቀትር ግማሽ ዋት ገደማ ቢሰጥ ነው፤ ባዶውን ባትሪ ለመሙላት ሁለት ሦስት ፀሐያማ ቀን ይፈልጋል። ለዚያ ብለው መስኮት ላይ ወይም መኪና ውስጥ ሲያሰጡት ደግሞ ሙቀቱ ባትሪውን ያበላሸዋል።

ዋናው ችግር ግን ሆዱ ውስጥ የተዘጋበት ሊትየም ባትሪ ነው። መዘውሩም ሶላሩም የሚሞሉት እሱኑ ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ ለሁለት ዓመት ከተረሳ ኃይሉ ቀስ በቀስ ይፈስና ሊመለስ ከማይችልበት ደረጃ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ሬዲዮው የሚያወራው እያዞሩት ሳለ ብቻ ነው፤ አንዳንዱም ጭራሹን አይነሳም። ትሬቨር ቤይሊስ የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያስተዋወቀው ዝነኛ ባለመዘውር ሬዲዮ ኃይሉን የሚያጠራቅመው በተጠቀለለ የብረት ስፕሪንግ ነበር፤ ስፕሪንግ ተቀምጦ አይሞትም። የዛሬዎቹ መዘውሩን ወረሱ እንጂ ስፕሪንጉን አልወረሱም። ስለዚህ ባለመዘውር ከገዙ ባትሪው ተፈትቶ የሚወጣ፣ ወይም በተጨማሪ ተራ ድንጋይ የሚቀበል መሆኑን ያረጋግጡ፤ በየ3 ወሩም ከግማሽ ትንሽ ከፍ አድርገው ይሙሉት።

ተራውን ሲመርጡ አራት ነገር ይመልከቱ። የትም የሚገኝ ደብል ኤ (AA የተጻፈበት) ድንጋይ ይቀበል። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ይኑረው፤ ድንጋይም ይቆጥባል፣ የተኛ ሰውም አይቀሰቅስም። የድንጋይ ቤቱ ክዳን ከሬዲዮው ጋር የተያያዘ ይሁን፤ በጨለማ የወደቀ ክዳን አይገኝም። ቁልፎቹን የሚቆልፍ ማብሪያ ካለው ደግሞ እሰየው፤ ቦርሳ ውስጥ ሳለ በራሱ በርቶ ድንጋዩን አይጨርስም።

ጥያቄ፦ ስልኬ ሬዲዮ አለው። ሌላ ለምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ በስልክ ሬዲዮ የሚባለው ሁለት ነገር ነው። በኢንተርኔት የሚሰማው ከሆነ ኔትወርክ ሲቋረጥ አብሮ ይቋረጣል፤ የስልክ ማማዎች መጠባበቂያ ባትሪ ደግሞ በአብዛኛው ለሰዓታት እንጂ ለቀናት አይሆንም። እውነተኛ ኤፍ ኤም መቀበያ ያለው ስልክ ከሆነ ያለ ኔትወርክም ይሠራል፤ ነገር ግን አንቴናው የማዳመጫው ገመድ ስለሆነ ባለ ገመድ ማዳመጫ ያስፈልገዋል፤ የብሉቱዙ አይሆንም። ያም ቢሆን የስልኩን ባትሪ ለጥሪ ቢያስተርፉት ይሻላል።

ጥያቄ፦ እኛ ቤት የሚሰማው ኤፍ ኤም ብቻ ነው። መካከለኛና አጭር ሞገድ ላለው ሬዲዮ ተጨማሪ መክፈል ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ኤፍ ኤም ድምፁ የጠራ፣ የአካባቢን ወሬ ቀድሞ የሚያደርስ ነው። ሆኖም ሞገዱ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ከማማው ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚደርሰው፤ ተራራ ከጋረደው ያንሳል። አደጋው የእርስዎን መብራት ካጠፋ የጣቢያውንም ሊያጠፋ ይችላል፤ የጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲያልቅ ጣቢያው ዝም ይላል። ያኔ የሚያስፈልግዎ አደጋው ካልነካው ሩቅ ቦታ የሚያወራ ድምፅ ነው።

መካከለኛ ሞገድ፣ ማለትም ከ530 እስከ 1700 ኪሎ ኸርዝ ያለው፣ ቀን ምድርን ተከትሎ ይጓዛል። ማታ ደግሞ ቀን ቀን ሞገዱን የሚውጠው የከባቢ አየር ንብርብር ስለሚጠፋ ከላይኛው ንብርብር እየነጠረ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሻገራል። ቀን ድምፁ ያልተሰማ ጣቢያ ሲመሽ ቢገባ አይገረሙ። አጭር ሞገድ ከዚያም ይርቃል፤ አህጉር ያቋርጣል። ማታ ከ5.9 እስከ 7.4 ሜጋ ኸርዝ፣ ጠዋትና ወደ ማምሻው ከ9.4 እስከ 12፣ እኩለ ቀን ላይ ከ13.6 እስከ 17.9 ይፈልጉ። የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፈረንጆቹ ማርች መጨረሻና ኦክቶበር መጨረሻ ገደማ፣ ሰዓትና ሞገድ ይቀይራሉ። አምና የጻፉት ቁጥር ዘንድሮ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ሬዲዮው ባለ ዲጂታል መፈለጊያ ከሆነ አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ። መካከለኛ ሞገድ ላይ በአሜሪካ አህጉር ጣቢያዎች በ10 ኪሎ ኸርዝ ልዩነት ይቀመጣሉ፤ በሌላው ዓለም በ9። ለአሜሪካ የተሠራ ሬዲዮ ከ870 ወደ 880 ሲዘል በ873 ያለው ጣቢያ ይሾልከዋል። በዚህ ምክንያት «ሬዲዮው ተበላሽቷል» ተብሎ የሚጣል ብዙ ነው። ብዙዎቹ 9 እና 10 የሚያቀያይር ማስተካከያ አላቸው፤ ሳይገዙ በፊት ይጠይቁ። በመርፌ የሚፈለገው ዓይነት ይህ ጣጣ የለበትም፤ ድንጋይም በአብዛኛው ያነሰ ይበላል።

ምን ጊዜም ቢሆን ቢያንስ ሁለት የአካባቢ ኤፍ ኤም፣ አንድ መካከለኛ ሞገድና አንድ አጭር ሞገድ ጣቢያ ከነቁጥራቸውና ከዜና ሰዓታቸው በወረቀት ጽፈው በሬዲዮው ጀርባ ይለጥፉ። ዲጂታሉ መዝግቦ የያዘውን አንዳንዱ ድንጋዩ ሲወጣ ይረሳል።

ጥያቄ፦ ስንት ድንጋይ ላስቀምጥ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሬዲዮው የሚበላውን ከመመሪያው ይፈልጉ። ትንሽ ሬዲዮ በመጠነኛ ድምፅ 40 ሚሊአምፔር ገደማ ይስባል፤ ባለ ስክሪኑ 60 ወይም 80 ሊደርስ ይችላል። ጥሩ አልካላይን ደብል ኤ 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት አለው ቢባልም፣ ሬዲዮው ድንጋዩ ተሟጦ ሳያልቅ ስለሚያቆም በ1500 ያስሉት። 1500 ለ40 ሲካፈል 37 ሰዓት ከግማሽ ነው። ሁለት ድንጋይ ስለሚገባበት ሰዓቱ እጥፍ ይሆናል ብለው ግን አይሳሳቱ፤ ተከታትለው የተቀመጡ ስለሆነ ቮልቴጁ እንጂ ሰዓቱ አይደመርም። በቀን 5 ሰዓት ለ14 ቀን ካዳመጡ 70 ሰዓት ነው፤ ሁለት ጊዜ የሚቀየር፣ ማለትም 4 ድንጋይ ይበቃዎታል ማለት ነው። 6 ቢያስቀምጡ ደግሞ አንዱ ቢበላሽ አይጨነቁም። ቀኑን ሙሉ ከፍቶ ከመተው በዜና ሰዓት 10 ደቂቃ እየከፈቱ ማጥፋት ይህንኑ ድንጋይ ከወር በላይ ያስኬዳል።

ስለ ዓይነቱ፦ ርካሹ ዚንክ ካርቦን ለዚህ አይሆንም። ቆርቆሮው ራሱ የሚበላ ዚንክ ስለሆነ ሲያረጅ ይበሳና ያፈሳል። አልካላይን በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ እስከ 10 ዓመት ይቆያል፤ የማብቂያ ዘመኑ እላዩ ላይ ተጽፏል። የማይሞላው ሊትየም ደብል ኤ ውድ ነው፤ ግን እስከ 20 ዓመት ይቀመጣል፣ የማፍሰስ ዕድሉም ከሁሉ ያነሰ ነው። የሚሞሉት ድንጋዮች 1.5 ሳይሆን 1.2 ቮልት ስለሆኑ አንዳንድ ሬዲዮ ገና ሳይጋመሱ «አልቋል» ይላል፤ ከሚሞሉት ተራዎቹ ደግሞ ተቀምጠው ሳሉ ኃይላቸው በወራት ውስጥ ያልቃል። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አይቀላቅሉ፤ ደካማው ቀድሞ ባዶ ይሆንና ጠንካራው በግድ እየገፋው እንዲያፈስ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ ሬዲዮዬን ከዓመት በኋላ ባወጣው የድንጋይ ቤቱ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል፤ አይሠራም። ይድናል?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ይድናል። ድንጋዩ አፍስሷል። ጓንት አድርገው ያውጡት፤ ዱቄቱን አይንፉት፣ ዓይን ያቃጥላል። ከአልካላይን የወጣው ነጭ ዱቄት አሲድ ይገድለዋል፤ ጥጥ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ጭማቂ በጥቂቱ አርሰው ብረቱን ይንኩ፣ ፍችት ፍችት ይላል። ፍችታው ሲያቆም በውሃ በረጠበ ጥጥ፣ ቀጥሎ በአልኮል ይጥረጉ። ፈሳሽ አያፍሱበት፤ ወደ ውስጠኛው ሰሌዳ ከገባ ነገሩ አበቃ። የቀረውን አረንጓዴ በእርሳስ ላጲስ ወይም በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፍቀው፣ ክዳኑን ከፍተው አንድ ቀን ሙሉ ያድርቁት። ያፈሰሰው ዚንክ ካርቦን ከነበረ ፈሳሹ ራሱ አሲድ ነውና በኮምጣጤ ፈንታ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ይጥረጉት። ስፕሪንጉ ተበልቶ ከተቆረጠ ሬዲዮ ጠጋኝ በቀላሉ ይቀይረዋል።

መንስኤው ምናልባት ሬዲዮው «ጠፍቶ» ሳለ እንኳ ሰዓቱን ለማስኬድ ከድንጋዩ መሳቡ ነው። ለወደፊቱ ድንጋዩን አውጥተው፣ ጫፎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ ጠቅልለው፣ ከሬዲዮው ጋር በአንድ ከረጢት ያስቀምጡ። በየ3 ወሩ አስገብተው ሩብ ሰዓት ያዳምጡና መልሰው ያውጡ።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ሲከፈት ከመንጣጣት በቀር ምንም አይሰማም። ደጅ ግን ይሠራል።

መልስ፦ ሁለት ተጠርጣሪ አለ፤ ግድግዳውና የራስዎ ዕቃ። ሬዲዮውን በድንጋይ እያሠሩ የቤቱን ዋና የመብራት ቆጣሪ ማብሪያ ያጥፉት። ጩኸቱ ከጠፋ ጥፋተኛው ከቤትዎ ነው፤ አንድ በአንድ እየሰኩ ይፈልጉት። የኤል ኢ ዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የሶላር መቆጣጠሪያና ኢንቨርተር በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ላይ የታወቁ ረባሾች ናቸው። ማጽናኛው፣ መብራት በጠፋ ቀን አብዛኞቹ አብረው ዝም ማለታቸው ነው።

ማብሪያው ጠፍቶም ከቀጠለ ግድግዳውን ይጠርጥሩ፤ በብረት የተሞላ ኮንክሪት ሞገድ ያግዳል። መስኮት ዳር ይሂዱ። ለኤፍ ኤም አንቴናውን እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ይዘርጉ፤ የሞገዱ ሩብ ርዝመት ያ ነው። ለመካከለኛ ሞገድ ግን ያንን አንቴና መዘርጋት ከንቱ ድካም ነው፤ መቀበያው በሬዲዮው ሆድ ውስጥ ያለ ጥቁር የፌራይት ዘንግ ስለሆነ ሬዲዮውን ራሱን ቀስ አድርገው ያዙሩት። አንዱ አቅጣጫ ጣቢያውን ያጎላል፣ ሌላው ረባሹን ይቀንሳል። ለአጭር ሞገድ ከ5 እስከ 7 ሜትር የሚሆን ፕላስቲክ የለበሰ ሽቦ ጫፉን ልጠው ከአንቴናው ጋር በልብስ መቆንጠጫ ያያይዙ፤ ሌላውን ጫፍ ከመስኮት ወደ ዛፍ ወይም ወደ አጥር ይወጥሩ። ከኤሌክትሪክ መስመር በጣም ይራቅ። ነጎድጓድ ከተሰማ ሽቦውን ወዲያው ይንቀሉ። ጣቢያዎች እላይ በላይ ከተደራረቡ ሽቦው በዝቷልና ያሳጥሩት።

ጥያቄ፦ ዎኪ ቶኪ ብገዛስ? ደግሞ «ደብሊው ቢ» የሚል ሞገድ ያለው ሬዲዮ አይቻለሁ።

መልስ፦ ዎኪ ቶኪ ለሌላ ሥራ ነው። በቅርብ ርቀት ከቤተሰብ ጋር ያነጋግራል እንጂ ዜና አያመጣም፤ ማሰራጨት ደግሞ በብዙ አገር ፈቃድ ይጠይቃል። ተራ ሬዲዮ ግን የሚቀበል ብቻ ነው። «ደብሊው ቢ» የሚለው ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋ ኸርዝ የሚተላለፍ የሰሜን አሜሪካ የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ ነው፤ እዚያ ለሚኖር እጅግ ይጠቅማል፣ ለሌላው ሰው ግን ባዶ ቁልፍ ነው። በተቃራኒው ኖርዌይ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን እ.ኤ.አ. በ2017፣ ስዊዘርላንድ ያላችሁም እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ፣ ብሔራዊ ጣቢያዎቹ ከኤፍ ኤም ስለወጡ «ዲ ኤ ቢ» (በዲጂታል የሚተላለፍ ሬዲዮ) የሚል ምልክት ያለበትን ግዙ። ያ ዓይነቱ ከተራ ኤፍ ኤም ይልቅ ድንጋይ በብዙ ይበላልና፣ ከላይ ያሰላነውን የድንጋይ ቁጥር ቢያንስ እጥፍ አድርጉት።