ለአፎትና ለጌጥ የሚሆን ቆዳ

ወንድሜ፣ ለሽጉጥ አፎት በገዛኸው ቆዳ ላይ ማታ የመታኸው ጌጥ ጠዋት ጠፍቶ እንደሚያድር ጽፈሃል። እጅህን አትውቀስ። ከነገርከን ሁሉ እንደምረዳው የገዛኸው ክሮም በሚባል ኬሚካል የለፋ ቆዳ ነው።

እኔም የጀመርኩት በእሱ ነው። የመጀመሪያውን አፎት የሠራሁት ከጫማ ቆዳ ትራፊ ነበር። ሲያዩት ያምራል። ሁለት ወር ሳይሞላ ደንበኛዬ መልሶ አመጣው። አፉ ልሞ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ይሄ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰውዬው ሽጉጡን ወደ አፎቱ ሲመልስ የታጠፈው ቆዳ ምላጩ ላይ ቢገባ ጥይት ሊባርቅ ይችላል። በጣም ደነገጥኩ። አፎቱን ቆራርጬ ጣልኩት፣ ብሩንም መለስኩለት።

ስለዚህ ከዋጋው በፊት በምን እንደለፋ ጠይቅ። የአገራችን ፋብሪካዎች፣ ሞጆ ያሉትም ጭምር፣ በብዛት የሚያለፉት በክሮም ነው። ለጃኬትና ለጫማ ፊት ግሩም ነው። ግን ስትጫነው ተመልሶ ይነሳል። ጌጥ የሚይዘው ከዛፍ ቅርፊት በሚወጣ ታኒን የለፋው፣ ቬጂቴብል ታን የሚባለው ነው።

ሻጩ ካላወቀ ራስህ ፈትነው። ጠርዙን በስል ቢላ ቁረጥና መሃሉን እይ። ሰማያዊ ወይም ግራጫ ከሆነ ክሮም ነው። ቡናማ ከሆነ ውሃ ጠብ አድርግበት። ውሃው ላዩ ላይ ድቡልቡል ብሎ ከቀረ ተቀብቷል ማለት ነው፤ ተወው። ጠጥቶ ከጠቆረ በጥፍርህ ጫን አድርገው። የጥፍርህ ምልክት እዚያው ከቀረ ደስ ይበልህ።

ቀጥሎ ከየትኛው የከብቱ አካል እንደተቆረጠ እይ። የሆድ ቆዳ ይረክሳል፣ ግን ይለጠጣል። አፎትና ቀበቶ ከጀርባና ከዳሌ ይውጣ። ትከሻም ጌጥ ይቀበላል፤ የእኛ ከብት ሻኛ ስላለው ግን እዚያ አካባቢ ቆዳው ዝርግ ብሎ አይተኛም። ደግሞ ገልብጠህ እይ! ሲገፈፍ ቢላ የገባበት ቦታ ከፊት በኩል አይታይም። ስፌት ሲወጠርበት ግን ይቀደዳል። ፊቱ ላይ ያለ የእሾህ ጭረት እምብዛም አያስጨንቀኝም። ከኋላ የቢላ ስንጥቅ ካየሁ ግን አልገዛም።

ውፍረቱ ለአፎት ከ3 እስከ 3.5 ሚሊሜትር ይሁን። ለቀበቶ እስከ 4 ይሄዳል። ለኪስ ቦርሳ 1.5 ይበቃል።

«የጥንት መጻሕፍት ድጉስ (ጌጥ የተመታበት የቆዳ ሽፋን) በስስ የፍየል ቆዳ ተሠርቶ የለም ወይ?» ላልከው፣ ልክ ነህ። ግን እዚያ ቆዳው የእንጨት ገበታ ላይ ተለጥፏል፣ ጌጡም የሚመታው በጋለ ብረት ነው። ቅርጹን የሚሸከመው እንጨቱ ነው። አፎት ግን ራሱን ችሎ መቆም አለበት።

ጥሩ ቆዳም ቢሆን በደረቁ አይመታም። በስፖንጅ አርጥበህ በላስቲክ ጠቅልለህ አሳድረው። መልኩ ወደ ነበረበት መመለስ ሲጀምር፣ ስትነካው ግን ገና ሲቀዘቅዝህ፣ ያኔ ምታ። ስታደርቀው ፀሐይና ምድጃ አታስጠጋው፤ ይሰነጠቃል።

ሙሉውን ቆዳ ከመግዛትህ በፊት ሻጩን ቁራጭ ለምነው። ቤት ወስደህ አርጥበህ ጌጥ ምታበትና አሳድረው። ጠዋት ጌጡ ካለ፣ ተመልሰህ ከዚያው ቆዳ አስቆርጥ።