ሲመሽ የሚያለቅሰው ልጄ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 6 ሳምንቱ ነው። ቀን ደህና ይውልና ልክ ሲመሽ ማልቀስ ይጀምራል። ጠብቷል፣ ዳይፐሩ ደረቅ ነው፣ ግን ዝም አይልም። አማቴ «ወተትሽ አይበቃውም፤ ውሃ ስጪው» ይሉኛል። እኔም አብሬው ማልቀስ ጀምሬያለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። ኪሎው እየጨመረ ከሆነና በቀን 6 እና ከዚያ በላይ ዳይፐር በሽንት ካራሰ ወተትሽ ይበቃዋል። ውሃውን ተዪው። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ 6 ወር የጡት ወተት ብቻ የሚለው በምክንያት ነው፤ ውሃ ትንሹን ሆዱን ይሞላና መጥባቱን ይቀንሳል። ለአማትሽ ይህን በአክብሮት ንገሪያቸው። ልጁንም አቅፈው እንዲያንጎራጉሩለት ስጪያቸው፤ እርዳታቸው በጣም ያስፈልግሻል።

የምሽት ለቅሶ በ6ኛው ሳምንት አካባቢ ይብሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወይም በ4 ወር ይቀንሳል። እስከዚያው ከባልሽ ጋር ተራ ግቡ። እሱ ሲይዝ ሌላ ክፍል ሄደሽ ተኚ። በር ላይ ቆመሽ «እንዲህ ያዘው» አትበዪ፤ የራሱን ዘዴ ያገኛል። ብቻሽን ሆነሽ ትዕግስትሽ ካለቀ በጀርባው አልጋው ላይ አስተኚውና ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ውጪ። ማልቀሱ አይጎዳውም። ሕፃን መነቅነቅ ግን አንጎሉን ሊጎዳ፣ ሊገድልም ይችላል። ይህን ልጁን ለሚይዝ ሁሉ ንገሪ።

ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ አልጠባም ካለ ወይም አረንጓዴ ካስመለሰው ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። ያንቺም ለቅሶ ከ2 ሳምንት ካለፈ ለራስሽ ሐኪም አነጋግሪ። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ይታከማል።