ቻትጂፒቲ "አለኝ" ነው ወይስ "አለችኝ"?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ ቤት ውስጥ የማያልቅ ክርክር ይዘናል። እኔ ቻትጂፒቲን የሆነ ነገር ጠይቄ ሲመልስልኝ "እንዲህ አለኝ" እላለሁ፣ ታናሽ እህቴ "አለችኝ" ነው የምትለው፣ መሥሪያ ቤት ደሞ አንዱ ባልደረባችን "ቆይ እሳቸውን ልጠይቃቸው" እያለ ይቀልዳል። አባታችን "ዕቃ ምን ይላል! ዕቃ አይናገርም" ብለው ሁላችንንም ይቆጡናል። ሰዋስዉ ለማን ይፈርዳል? ደሞስ መኪና "እሷ" ሆና ኮምፒውተር "እሱ" የሆነው በምን ሕግ ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ከአባታችሁ ልጀምር፣ የእሳቸው ነገር ቶሎ ያልቃል። ዕቃ አይናገርም ያሉት ልክ ነው፣ ግን አማርኛ ዕቃን "አለ" ማሰኘት የጀመረው ኤአይ ሲመጣ አይደለም። ጠዋት መኪና ለማስነሳት ሞክረው እምቢ ሲላቸው ምን ይላሉ? "አልነሳ አለች" ነው የሚሉት። በሩ አልከፈት አለ፣ ባቄላው አልበስል አለ፣ ኔትወርኩ አልሠራ አለ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ጠቁሮ አልዘንብ አለ። ደሞ ልብ ብላችሁ እዩት፣ "አልነሳ" እኮ "እኔ አልነሳም" እንደማለት ነው፣ ማለትም በአንደኛ መደብ መኪናዋ ራሷ ስትናገር ነው የምንሰማት። ባቄላው ድስት ውስጥ ሆኖ "አልበስልም" ይላል! እንዲህ እያልን ኖረን ማንም ባቄላ አፍ አለው ብሎ አያውቅም። ጋዜጣውም "ይላል"፣ ሬዲዮውም "እንዲህ አለ" ይባላል። ስለዚህ "ቻትጂፒቲ አለኝ" ያለ ሰው ማሽኑን ሰው አደረገው ብሎ መቆጣት አይቻልም፣ እንደዛ ከሆነ አባታችሁ መኪናቸውን ድሮ ነው ሰው ያደረጓት።

አሁን ወደ "እሱ" እና "እሷ" እንሂድ (መጽሐፍ ላይ ተባዕታይና አንስታይ ይሉታል፣ እኛ እዚህ እሱ እሷ ብንል ይቀለናል)። ፈረንሳይኛ ወይ ዐረብኛ የተማረ ሰው ጠረጴዛ ሴት ናት ተብሎ ከተነገረው በቃ ዕድሜ ልኩን ሴት ናት፣ ተናጋሪው ቢወዳትም ቢጠላትም ለውጥ የለም። አማርኛ ግን እንደዛ አይደለም፣ ነፍስ የሌለው ነገር ጾታው ስሙ ላይ ተለጥፎበት አይመጣም፣ ያንኑ ጠረጴዛ ጠዋት "ጠረጴዛው" ብለነው ከሰዓት "ይቺን ጠረጴዛ ወደዛ አድርጋት" ብንል የሚያርመን ሰው የለም። ልማድ ያጸናላቸው ጥቂቶች አሉ፣ ፀሐይና ጨረቃ "ወጣች" ነው የሚባሉት፣ ምድርም እንደዛው፣ የአገር ስምም "ቻይና አመጠቀች" እንጂ "አመጠቀ" ብዙ አይባልም። ከነዚህ ውጪ ያለውን የሚወስነው አፋችን ላይ ያለው ስሜት ነው።

መነሻው "እሱ" ነው። ማንነቱ ያልታወቀ ነገር ሁሌም "እሱ" ነው፣ ቤት ውስጥ የሚጠበቁት ሴቶች ብቻ ቢሆኑ እንኳን በር ሲንኳኳ "ማነው?" ነው የምንለው። ወደ "እሷ" የምንዞረው ነገሩን ስናሳንሰው፣ ስናቀርበው፣ ስንወደው ወይ ደሞ ስንንቀው ነው፣ ይሄ አራቱም በአንድ ቅርጽ መገለጹ ነው ጉዱ። "ይቺ ስልክ ካሜራዋ ልዩ ነው" ያለ ሰው ስልኳን ወዷታል። "በዚች ደሞዝ ቤት ተከራይቼ?" ያለ ሰው ደሞዙን ንቋታል። "ይቺ ነገር አላማረችኝም" ያለ ደሞ ጠርጥሯል፣ እዚህ ጋ "ይሄ ነገር አላማረኝም" ብትሉት ትርጉሙ ያው ሆኖ ነገሩ ግን ይከብዳል፣ ያቺ ጥርጣሬ ውስጥ ያለችው ተንኮል ትጠፋለች። የኳስ አስተላላፊዎችንም ስሟቸው፣ "ኳሷ ለጥቂት ወጣች" ሲሉ ኳሷን እንደ ሰው እየተከተሏት ነው።

መኪናም ውስጥ ልዩነት አለ። ላዳዋ፣ ባጃጇ፣ ቪትዟ እንላለን፣ ሲኖትራክ ሲመጣ ግን "ሲኖው መጣ ዞር በል!" ነው፣ ማንም መንገድ ዳር ቆሞ "ሲኖዋ" ብሎ አይጮህም። ያንኑ ሲኖ የሚነዳውን ሹፌር ግን ጠይቁት፣ "ጎማዋ አልቋል፣ ማርሿ አስቸግሮኛል" እያለ ነው የሚያወራችሁ፣ ምክንያቱም እንጀራው ናት። አንድ መኪና ለእግረኛው እሱ ለሹፌሩ እሷ ነው ማለት ነው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ቴክኖሎጂ ሲገባም ይሄው ነው የሆነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከቻይና ያስመጠቀቻትን ሳተላይት አስታውሱ፣ 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝነዋን። "ሳተላይቷ" የሚለው አፍ ላይ ቀለል ብሎ የሚመጣው የኛ ስለሆነች ይመስለኛል፣ ትንሽም ስለሆነች። "ሮኬቱ" ግን "ሮኬቱ" ነው፣ ትልቅ ነው፣ እሳት ይተፋል፣ የሰው ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ሶፊያ የምትባለው ሮቦት አዲስ አበባ ስትመጣ ደሞ (ሶፍትዌሯ ላይ አዲስ አበባ ያለው አይኮግ ላብስ የሚባል የቴክኖሎጂ ድርጅት እጁ አለበት) ሁሉም "እሷ" ነው ያላት፣ ስም አላት ፊት አላት። ስሟን ትተን "ሮቦቱ" ካልን ግን ያው ወደ መነሻው እንመለሳለን። በነገራችን ላይ ከሁሉ የሚገርመኝ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችው ነች፣ ፈረንጆቹ ሉሲ ሲሏት እኛ "ድንቅነሽ" አልናት፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሞላትን አጥንት በሁለተኛ መደብ "ነሽ" እያልን ፊት ለፊት የምናናግር ሕዝብ ነን።

ድምፅ ያለው ነገር ሲሆን ደሞ ጾታውን የሚሰጠው ድምፁ ነው። "የደወሉላቸው ደንበኛ" ብላ የምትጀምረዋን ሁላችንም እናውቃታለን፣ "ደወልኩለት ሴትዮዋ ናት ያነሳችው" ብለን እንስቃለን። (እዛ "ላቸው" ላይ ያለችውን አክብሮት ግን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? የደወላችሁት ለ12 ዓመት ልጅ ቢሆንም አንቱ ነው።) ቨርጂኒያና ዲሲ የሚነዱ ልጆቻችንም የማፑን ድምፅ "ሴትዮዋ ግራ ታጠፍ አለችኝ" ይሏታል። ቻትጂፒቲ ግን በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ሲመጣ ድምፅ አልነበረውም፣ ድምፁ የተጨመረው በኋላ ነው፣ በጽሑፍ ብቻ ነበር የሚመልሰው፣ ፊትም የሰው ስምም የለውም። ስለዚህ አብዛኛው ሰው በመነሻው "አለኝ" ማለቱ የሚጠበቅ ነው፣ በር ያንኳኳ ያልታወቀ እንግዳ ነው።

እንግዲህ ፍርዱ ይሄ ነው፣ አንተም እህትህም ልክ ናችሁ ግን አንድ ነገር እያላችሁ አይደለም። አንተ ስለ ዕቃ ነው የምታወራው፣ እሷ አቅርባዋለች፣ ምናልባት ማታ ማታ የምታማክራት ጓደኛ ሆናላት ይሆናል፣ ወይ ደሞ "ይቺ ደሞ ምን አወቀች" ብላ ንቃትም ሊሆን ይችላል፣ ድምጿን ካልሰማሁ መለየት አልችልም። "እሳቸውን ልጠይቃቸው" የሚለው ባልደረባህ ቀልዱን እወድለታለሁ፣ ግን ቀልድነቱን ሊረሳው አይገባም፣ አንዳንድ ሰው እኮ የምሩን ያለ ማጣራት እንደ ሽማግሌ ቃል መቀበል ጀምሯል፣ ማሽኑ ደሞ ያልነበረ ነገር በልበ ሙሉነት ፈጥሮ ያወራል። ለጽሑፍ ከሆነ፣ ለዜናም ለሪፖርትም፣ እኔ "አለ" እና "መለሰ" ነው የምመርጠው።

ከምርጫው ይልቅ የሚያናድደኝ መደባለቁ ነው። "መኪናዋ ፍሬኑ ተበጥሶ ከመንገድ ወጣ" ተብሎ ሲጻፍ በየቀኑ አያለሁ። በ"እሷ" ከጀመርክ በ"እሷ" ጨርስ፣ "መኪናዋ ፍሬኗ ተበጥሶ ከመንገድ ወጣች።" "ተበጥሶ" እንዳለ ይቆያል፣ የተበጠሰው ፍሬኑ እንጂ መኪናዋ አይደለችማ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ግን ከመንገድ የወጣው ፍሬኑ ይመስላል፣ መኪናዋ ቆማ ፍሬኑ ብቻውን ገደል የገባ። ሰው ሲያወራ ይሄን በእጁም በድምፁም ያስተካክለዋል፣ ወረቀት ላይ ግን እጅ የለም።

እህትህ ሌላም ቅሬታ ሳይኖራት አይቀርም ብዬ ልገምት፣ ቻትጂፒቲ በአማርኛ ስትጽፍለት ብዙ ጊዜ "አንተ" እያለ ይመልስላታል። ይሄም ከቋንቋው ነው የሚመጣው። እንግሊዝኛው "ዩ" ብሎ ይገላገላል፣ እኛ አንተ አለን አንቺ አለን እናንተ አለን እርስዎ አለን። በዛ ላይ በአማርኛ "እኔ" ጾታ የለውም፣ "ደክሞኛል፣ ምን ልብላ?" ብላ ብትጽፍ ከዚች ጽሑፍ ውስጥ ሴት መሆኗን የሚናገር አንድም ፊደል የለም፣ ስለዚህ ማሽኑ ይገምታል፣ ሲገምት ደሞ ወደ ወንዱ ያደላል። የባንክ ማሽኖች "የሚስጥር ቁጥርዎን ያስገቡ" እያሉ ከዚህ ጣጣ ያመለጡት በአክብሮት ተከልለው ነው። ለእህትህ ያለው መፍትሔ መጀመሪያውኑ "በአንቺ አናግረኝ" ብላ መጻፍ ነው። ወይም "በአንቺ አናግሪኝ"። ትእዛዝ ላይ አማርኛ መሸሻ አይሰጥም፣ "ጻፍልኝ" ወይ "ጻፊልኝ" ወይ "ይጻፉልኝ" ማለት ግድ ነው፣ እስቲ አንተም የራስህን ቻት ወደ ላይ መልሰህ ምን እያልክ ስታዘው እንደከረምክ እየው።