ቤታችንን ለእንግዳ እንክፈት? ከሐረርና ከድሬ የመጡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግኩት ጀጎል፣ በግንብ በታጠረችው የድሮዋ ሐረር ውስጥ ነው። ቨርጂኒያ የምትኖረው እህቴ ሰሞኑን ደውላ፣ እዚያ በየዓመቱ አንድ ሳምንት ሰዎች የድሮ ቤታቸውንና የአትክልት ቦታቸውን ለጎብኚ እንደሚከፍቱ፣ መግቢያውም በትኬት እንደሆነ አጫወተችኝ። «የአያታችን ቤት ከማን ያንሳል? እናንተስ ለምን አትሞክሩትም?» አለችኝ። እውነት እኛ ጋ ይሆናል? ደግሞ እኮ አበባ የሞላበት ግቢ የለንም። (ከሸዋ በር)

መልስ፦ እህቴ፣ ይሆናል። እኔ እንዲያውም ዘግይተናል ባይ ነኝ።

የቨርጂኒያው ነገር አጀማመሩ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1927 የአትክልት ክበብ ሴቶች ተሰባስበው የአበባ ትርዒት አዘጋጁ። ገንዘቡን የፈለጉት ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን ሞንቲቼሎ በሚባለው ግቢያቸው የተከሏቸውን ዛፎች ለማዳን ነበር። በ1929 ደግሞ የጉብኝቱን ሳምንት ጀመሩ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አለ። ከትኬት የሚገኘው ብር ታሪካዊ የአትክልት ቦታዎችን ለማደስ ይውላል። ልቤን የነካው ይሄ ነው። እኛ ጋ ጎብኚ መጥቶ ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል፤ ክረምት ሲመጣ ግን የሚያፈሰውን ጣራ የሚጠግነው ባለቤቱ ብቻውን ነው። በድንጋይና በጭቃ የቆመ ቤት ደግሞ አንድ ዓመት ችላ ካሉት ይከፋል።

አበባ የለንም ላልሽው፣ ልክ ነሽ፣ ጀጎል 48 ሄክታር ላይ ተጠጋግቶ የተሠራ ከተማ ነው። የሐረሪ አትክልት ድሮም ከግንቡ ውጭ ነው፤ ቡናው፣ ጫቱ፣ ብርቱካኑ እዚያ ነው ያለው። የቤቱ ውበት ግን ውስጥ ነው። ጊድር ጋር፣ ማለትም ዋናው ሳሎን ስትገቢ፣ አምስቱ ነደባ (መደቦቹ) ከፍና ዝቅ ብለው ይጠብቁሻል። ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ይናገራል፤ የክብር መቀመጫው አሚር ነደባ ላይ ዝም ብሎ አይወጣም። ግድግዳው በስፌትና በሳህን የተሞላ ነው። ከበሩ በላይ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ካየሽ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ይሄን ላንቺ አልነግርሽም፣ ለሌላው አንባቢ ነው።

እኔ ቀዩን አፈር አልረሳውም። አንድ ጊዜ አንድ ቤት ቁርስ ተጋብዤ ሄድኩ፤ እናትየው ለሠርግ ነደባውን እየቀቡ ነበር። በጣሳ የተበጠበጠ ቀይ አፈር፣ በእጃቸው ቁራጭ ጨርቅ፣ ከጥግ ጀምረው ወደ በሩ እያፈገፈጉ፣ የረገጡት ቦታ እንኳ አይታይም። ሽማግሌዎች ቀይነቱ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ላይ የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይላሉ። ያን ዕለት ሳይደርቅ እንዳልረግጥ በር ላይ ቆሜ ሆጃዬን ጠጣሁ። እንዲህ ያለውን ማየት ሙዚየም ከመግባት ይበልጣል።

ግን ሰው የሚኖርበት ቤት ነው። አምና አንድ አስጎብኚ እንግዳ ይዞ ሳያንኳኳ ሲገባ አይቻለሁ። የቤቱ እናት እየሰገዱ ነበር። አንዱ እንግዳ ስልኩን አወጣ። እኔ አፈርኩ፣ እሳቸው ግን ሲጨርሱ «ቡና ልፍላላችሁ?» አሉ። በዚህ ደግነት ላይ መቀለድ አይገባም። ስለዚህ ብትጀምሩት በአፎቻ፣ በሐረሪ መረዳጃ ማኅበር በኩል ይሁን፣ በተለይ በሴቶቹ። ሠርግና ለቅሶ ተሸክመው የኖሩ ናቸው፣ ይሄ አያቅታቸውም። አንድ ሰፈር፣ አራት ወይም አምስት ቤት፣ ሁለት ቀን ይበቃል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። በአንድ ጊዜ ከስምንት ሰው በላይ አይገባም። ኪርታት የሙሽሮች ክፍል ናት፣ ባለቤቱ ካልፈቀደ ትዘጋ። ከብሩም ግማሹ ለባለቤቱ፣ ግማሹ ለሰፈሩ ቤቶች ማደሻ ቢሆን እኔ ፍትሐዊ ነው እላለሁ። ጀጎል ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነውና የቅርስ ቢሮውን ከወዲሁ አማክሩ።

ጥያቄ፦ አቦ ሁሌ ሐረር ሐረር! ድሬስ? ከዚራ ሰፈር ያለውስ የድሮ ቤት አይደለም እንዴ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ አቦ እውነትህን ነው! ባቡሩ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልቻለ ነው እኮ ድሬ የተወለደችው፣ በ1895 ዓ.ም.። መጀመሪያ ስሟም «አዲስ ሐረር» ነበር። የእኔ ምክር ከለገሃር ጀምር። ጣቢያውን እይ፣ ከዚያ በከዚራ ቀጥ ያሉ መንገዶች በዛፍ ጥላ ጥላ እየሄድክ በረንዳ ያላቸውን የድሮ ቤቶች ተመልከት። እዚህ የአትክልት ጉብኝት የሚባለው ዛፉ ነው፤ ያ ጥላ ባይኖር ድሬን በእግር ማን ይዞራታል? ከዚያ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረህ መጋላ ሰፈር ግባ፤ መንገዱ ወዲያው ይጠማዘዛል። ይሄን ልዩነት በእግርህ ስትሄድ ነው የምታውቀው፣ በባጃጅ አይታይም። ግቢ ውስጥ ያለ ቤት ካማረህ ዘበኛውን ሰላም ብለህ ጠይቅ፣ አጥር ላይ አትንጠልጠል።

ጥያቄ፦ ልጆቼን ይዤ ከአዲስ አበባ ልመጣ አስቤአለሁ። ጸደይ ላይ ይሻላል አሉኝ። ጸደይ መስከረም ነው ወይስ ሚያዝያ? ራምቦ ቤትስ እውነት ገጣሚው የኖረበት ነው? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ብዙ ሰው አደይ አበባ ሲያይ ጸደይ ይላል። በእኛ አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 ጀምሮ ያለው መጸው ነው፤ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። የቨርጂኒያዎቹም ሳምንት እዚሁ ውስጥ፣ ሚያዝያ ላይ ይውላል። ሚያዝያ ሐረር የበልግ ዝናብ አለ፣ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ይዙሩ፣ ለልጆቹም ሹራብ ይያዙ። ድሬ ግን ያኔ ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ከረፋዱ በፊት ካልጨረሱ ልጆቹ ያለቅሱብዎታል። ከልጆች ጋር ከሆነ እኔ ጥቅምትን እመርጥልዎታለሁ፣ አገሩ አረንጓዴ ነው፣ ዝናቡም አልፏል።

ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ሐረር የኖረው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ነው። ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ቤት ግን ከእሱ በኋላ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ነው ያሠራው። ቢሆንም ይግቡ። የእንጨት ሥራው ያምራል፣ ከላይ ሆነው ከተማውን ያያሉ፣ ጣራ በጣራ ላይ። ሲወጡ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ በኩል ይለፉ፣ ልጆቹ የሲንጀር ስፌት መኪናዎቹን ድምፅ ይወዱታል።